ከካምቢዮ ሥር የወጣሁበት ቀን

ላስ ቬጋስ የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን መኪናችንን በራሳችን ወይም በምናውቀው ሰው እጅ እናሠራለን። ጋራዥ ውድ ነው፤ መኪና ደግሞ እንጀራችን ነው። የደረሰብኝን የምናገረው ማንንም ከዚህ ሥራ ለማስፈራራት አይደለም። የተረፍኩት አንድ ሰው መቅደም ያለበትን ነገር ስላስቀደመ ነው። ያ ነገር ምን እንደነበር ሌላውም ይወቀው ብዬ ነው።

ፒክአፔ በ1999 የተሠራ፣ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። የቤት ዕቃ አመላልስበታለሁ። ሰመር ሲገባ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲቀይር ሞተሩ ይጮኽ ጀመር፤ መኪናው ግን አይፈጥንም። ጥቂት ቆይቶ የኋላ ማርሹ ጨርሶ እምቢ አለ። ጋሼ የምንላቸው ጎረቤቴ አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ መካኒክ ናቸው፤ እዚህ ታክሲ ይነዳሉ። የካምቢዮውን ዘይት በነጭ ሶፍት ላይ አንጠባጥበው አዩት። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል፤ ሽታውም የተቃጠለ ነው። የታችኛውን ክዳን ሲያወርዱት ውስጡ ያለው ማግኔት በብረት ብናኝ ተሸፍኖ፣ ሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ተኝቶ አገኘን። «ፍሪሲዮኖቹ አልቀዋል» አሉ።

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም። ተደራርበው የተቀመጡ ክብ ፍሪሲዮኖች አሉ፤ በዘይት ግፊት እየተጫኑ ማርሹን ይይዛሉ። ዘይቱ ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ ኃይልም ያስተላልፋል። ከልክ በላይ ሲግል ይበላሻል። ሲበላሽ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ደግሞ መልሶ ዘይቱን ያግለዋል። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ጭነት ይዞ በየመብራቱ ለሚቆም ያረጀ ፒክአፕ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ምርጫዎቻችን የራሱን ካምቢዮ ፈትቶ ማደስ፣ ከተሰባበሩ መኪኖች ያገለገለ መግዛት፣ ወይም ታድሶ ዋስትና ያለው ማስመጣት ነበሩ። ማደሱ ልዩ መሣሪያና ንጹሕ ክፍል ይጠይቃል። ያገለገለውን ደግሞ ውስጡን ሳያዩ መግዛት ነው። ጋሼ ሦስተኛውን መከሩኝ። አሮጌውን ስንመልስ መያዣ የከፈልነው ገንዘብ ይመለስልናል። አውርዶ መግጠሙን ራሳችን እንሠራዋለን ተባባልን።

ከቤቴ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ጎህ ሲቀድ ጀመርን። መኪናውን በክሪክ አንስተን በአራት የብረት ስታንድ ላይ አሳረፍነው። ጋሼ ከዕቃ መጫኛው ሥር የሚንጠለጠለውን ስኮርት ጎማ አስቀድመው አውርደው ከአጠገባቸው አስቀመጡ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ባትሪው ተነቀለ። ዘይቱ ተንጠፈጠፈ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ወጣ፤ ስንመልሰው እንዳይዛባ መገጣጠሚያው ላይ ምልክት አደረግንበት። ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱት የዘይት ቱቦዎች፣ የማርሹ ገመድ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቱ፣ ሞተሪኖው፣ ካምቢዮውን ከኋላ የሚሸከመው ብረት በተራ በተራ ተፈቱ። የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረውን ቶርክ ኮንቨርተር ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖችም ወጡ። ብዙ ሰው ቀላል የሚመስለው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረው ማውረድ ብቻ ነውና። ነገር ግን ካምቢዮው ከነኮንቨርተሩ ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ክብደቱም ወደ ፊት ያደላል።

በዚህ መሐል ረፍዶ ፀሐዩ ከራሳችን በላይ ወጥቶ ነበር። ላስ ቬጋስ በጁላይ 7 ቀን 2024 እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠውን ሙቀት፣ 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ያየ ከተማ ነው። የእኛ ቀን ያን ያህል ባይሆንም ሞቃት ነበር። ፀሐይ የመታው አስፋልት ከአየሩ በብዙ ይበልጥ ይግላል፤ ድንጋዩን ያያያዘው ሬንጅም ይለሰልሳል። ጋሼ የሠሩት ሁልጊዜ ኮንክሪት ወለል ላይ ነው፤ እኔም ስታንድ አስፋልት ውስጥ እንደሚሰምጥ ሰምቼ አላውቅም። ጠዋት ጠንካራ የነበረው መሬት ወደ ቀትር ሌላ መሬት ሆኗል።

እኔ ካርቶን ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ በክሪክ የተደገፈውን ካምቢዮ በእጄ አረጋጋለሁ። ጋሼ ከጎን ሆነው የመጨረሻውን ብሎን አወጡ። ካምቢዮው ከሞተሩ በጣት ስፋት ሲላቀቅ መኪናው በግራ በኩል ዝቅ አለ። የኋላው ስታንድ አንድ እግሩ ሊጥ ላይ እንደተጫነ ጣት አስፋልቱ ውስጥ ገብቷል። ሻንሲው ካምቢዮውን ገፋው፤ ክሪኩ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሰፊው የካምቢዮው ፊት ደረቴ ላይ አረፈ።

የነበረኝን አየር አስወጣሁ፤ መልሼ ማስገባት አልቻልኩም። ያኔ ፈራሁ።

ጩኸት የሰሙ ሁለት ጎረቤቶች ሮጠው መጡ። አንደኛው ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። ሁለተኛው ተንበርክኮ ካምቢዮውን በእጁ ሊያነሳ ተዘረጋ። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው፤ ያደረጉትም ማንኛችንም የምናደርገው ነው። ጋሼ መሐል ገብተው አገዷቸው። «አትጎትቱት! 911 ደውሉ!» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር፤ እጃቸው ግን አልቸኮለም።

ወደ እኔ አልመጡም፤ ወደ ካምቢዮውም አልሄዱም። ስኮርት ጎማውን በጋደመበት ገፍተው ከሰመጠው ስታንድ አጠገብ በሻንሲው ሥር አስገቡት። በላዩ ጣውላ ደረደሩ። ክፍተቱ እስኪዘጋ ድረስ አንድ፣ ከዚያ ሌላ። ከተኛሁበት ሆኜ የማየው እጃቸውንና ጎማውን ብቻ ነው። ሰው ሲታፈን እያዩ ጎማ የሚያስተካክሉት ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የመሣሪያ ሣጥኑን ክዳን ነቅለው መሬት ላይ አነጠፉ፤ ትንሿን የሃይድሮሊክ ክሪክ በላዩ አቁመው አፏን ከካምቢዮው ጎን ሥር አስገቡ። እጀታውን ቀስ ብለው ጫኑ። ካምቢዮው በጣት ስፋት ያህል ተነሳ።

አየር ገባ። ጥቂት ነበር፤ ግን ገባ።

እዚያ ላይ ቆሙ። ሌላ ከፍ ቢያደርጉት እንደሚንሸራተት አውቀዋል። ጎረቤቶቹ አሁን እናውጣው ቢሏቸውም እምቢ አሉ። ከጎኔ ተኝተው፣ በዚያ የሚፋጅ አስፋልት ላይ፣ አንድ እጃቸውን ክሪኩ ላይ አድርገው «ተንፍስ ልጄ። አትንቀሳቀስ፣ ተንፍስ ብቻ» ይሉኝ ነበር። በእኔና በሞት መካከል የነበረው ያ ጣት የምታህል ክፍተት ናት። ክፍተቷ ደግሞ ጎማው ሻንሲውን ባይሸከም ኖሮ አትቆይም ነበር። ክሪኩ ሲጫን የስታንዱ እግር እንደገና ሲንሸራተት ሰምቻለሁ፤ ሻንሲው ወርዶ ጣውላው ላይ አረፈ፣ ከዚያ አላለፈም። እግሬ እየተጎተተ ቢሆን ኖሮ የሚያርፍበት እኔው ላይ ነበር።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። በአየር የሚሞላ ማንሻ ከካምቢዮው ሥር አስገብተው፣ በየደረጃው እንጨት እየደገፉ አነሱት፤ በሰሌዳ ላይ አድርገው አወጡኝ። የጎድን አጥንቶቼ ተሰብረዋል። አንደኛው ሳንባዬን ወግቶ ነበርና ሐኪሞቹ በደረቴ ጎን ቱቦ አስገብተው ያመለጠውን አየር አስወጡ። ጀርባዬና ክርኔ ካርቶኑ ባልሸፈነበት ቦታ ሁሉ ተቃጥሏል። የላስ ቬጋስ ሐኪሞች ይህን ቃጠሎ በየሰመሩ ያዩታል፤ ወድቀው መነሳት ያልቻሉ አረጋውያን ላይ ደግሞ የከፋ ነው።

ጋሼ ሆስፒታል ሲጠይቁኝ ስለ ጎማው አነሳሁባቸው። በወጣትነታቸው፣ በሚሠሩበት ጋራዥ፣ አንድ ረዳት መኪና ሥር ተይዞ ሰዎች ሲጎትቱት መኪናው እንደወረደ ነገሩኝ። ልጁ አልተረፈም። «ከዚያ ወዲህ ጎማ ሳላዘጋጅ ማንንም መኪና ሥር አላስገባም» አሉ። ስሙን ነገሩኝ፤ በጸሎቴ አስበዋለሁ።

እኔ ስድን ጋሼና የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ፒክአፑን አስጎትተው ኮንክሪት ወለልና ማንሻ ወዳለው ጋራዥ ወሰዱት፤ ቦታውን ለሰዓታት ተከራይተው ጨረሱት። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልናገር፤ ለሥራው ይጠቅማልና። ከአሮጌው ካምቢዮ የወጣ ብናኝ በማቀዝቀዣውና በቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል፤ ሳይጸዳ አዲሱን ከገጠሙት አዲሱንም ይበላዋል። ጋሼ ማቀዝቀዣውን ለወጡት፣ ቱቦዎቹን አጠቡ፣ ከራዲያተሩ ፊትም ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አስገቡ። ሁለተኛው ቶርክ ኮንቨርተሩ ነው። እያዞሩ ሲገፉት ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይገባል። እስከ መጨረሻው ሳይገባ ካምቢዮውን በብሎን እየጎተቱ ከሞተሩ ጋር የሚገጥሙት ከሆነ የዘይቱ ፓምፕ ገና ሞተሩ ሳይነሳ ይሰበራል። በትክክል ከገባ ካምቢዮው በእጅ ተገፍቶ ከሞተሩ ጋር ይገናኛል፤ ኮንቨርተሩም በነፃነት ይዞራል። ይህን ሳያረጋግጡ ብሎን አላጠበቁም። ዘይቱን ሞልተው፣ ሞተሩ እየሠራና ዘይቱ ሞቆ ሳለ ልኩን አዩት።

ቱቦው ወጥቶ፣ አጥንቱ ጠግኖ ወደ ሥራ ስመለስ መጀመሪያ ያስገባሁት የኋላ ማርሹን ነበር። ያለ ማመንታት ያዘ። እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን የአንድ ወንድማችን ፒክአፕ ካምቢዮ ይለወጣል፤ ጋሼ ናቸው የሚሠሩት። ኮንክሪት ወለል ያለው ቦታ ተገኝቷል። በየስታንዱ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ፕላይውድ ቆርጫለሁ፤ ስኮርቱንና አንድ ተጨማሪ ጎማ አውርደን በሻንሲው ሥር እናስተኛለን። ጎንበስ ማለት ገና ያመኛልና ከውጭ ሆኜ ክሪኩን የምይዘው እኔ ነኝ።