በኡስታዙ ኪስ ውስጥ



ይህን ጽሑፍ ለመላክ ስዘገይ ብዙ ወራት አልፈዋል። መምህር የራሱን ጉድ በአደባባይ ሲያወራ ደስ አይልም። ይሁንና እኔን የገጠመኝ በየቤቱ ያለ ጉዳይ መስሎ ስለታየኝ እነሆ ጻፍኩት።

ቀኑ እሁድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2025። በዙልሒጃ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ ስለነበርን ለልጆቹ ያስተማርኩት ስለ ዐረፋ ጾም ነው። ለንደን ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር ሳንርቅ አንድ አዳራሽ ተከራይተን ቅዳሜና እሁድ የወገኖቻችንን ልጆች ቁርኣንና ዐረብኛ እናስተምራለን። በሥራ ቀናት ደግሞ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ትምህርቱ አልቆ ወንበር በማነሳሳት ላይ ሳለሁ የአንዱ ተማሪዬ እናት ቀረብ አለችና ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«ኡስታዝ፣ ይህ ምንድን ነው? ከልጁ ጃኬት ኪስ አገኘሁት። እሱ የማቅለሚያ እስክሪብቶ ነው ይላል፤ እኔ ግን ልቤ አላመነም» አለችኝ።

ጣት የሚያክል፣ ሮዝና ቢጫ የተቀባ ነገር ነው። ምንነቱን ለማወቅ አላገላበጥኩትም። ሽታው ማንጎ ነው። ዋጋው 5 ፓውንድ፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ 2 ሚሊ ሊትር፣ የኒኮቲኑ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም መሆኑን በቃሌ አውቀዋለሁ። ቀለሙ ብቻ የተለየ አንድ ሌላ በዚያች ሰዓት በኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበርና።

«ቬፕ ይሉታል፤ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው» አልኳት።

«ዛሬ ታገደ ሲሉ የሰማሁት ይህ ነው እንዴ?»

አዎን፣ ይኸው ነው። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ቬፕ በመላው ብሪታንያ እንዳይሸጥ የተከለከለው ከዚያ እሁድ ጀምሮ ነው። እርግጥ ልጇ ገና 14 ዓመቱ ስለሆነ፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መሸጥ በእንግሊዝ ከ2015 ጀምሮ ወንጀል ነበር፤ ሻጩ ግን አልቸገረውም።

«አልሐምዱ ሊላህ፣ እንግዲያስ ተገላገልን!» አለች። ቀጥላም «ኡስታዝ፣ እባክዎ ይምከሩልኝ፤ እኔንና አባቱን ባይሰማም እርስዎን ይሰማል» አለችኝ።

መከርኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ስለ ጤናው፣ ስለ እናቱ ድካም፣ ስለ ገንዘብ አማና መከርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ቃልም ገባልኝ። ቤቴ ገብቼ ቁም ሳጥኑን ስከፍት፣ ከእገዳው በፊት በቅናሽ ገዝቼ ያከማቸኋቸው 30 የሚሆኑ ቬፖች በጫማ ካርቶን ውስጥ ተደርድረው ጠበቁኝ።

የኔ ታሪክ አዲስ አይደለም። ያደግኩት ወሎ ውስጥ ነው፤ ጧት ከሸይኻችን ዘንድ ቂርኣት፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት። ሲጋራ የያዝኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በፈተና ሰሞን፣ ጫት በሚቃምበት ክፍል ነው። ለንደን ስመጣ ተከትሎኝ መጣ። የአንድ ፓኬት ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ በ2021 ወደ ቬፕ ዞርኩ። የዚህ አገር የጤና አገልግሎት ቬፕ ከሲጋራ እጅግ ያነሰ ጉዳት እንዳለው፣ ነገር ግን ከጉዳት ነፃ እንዳልሆነ፣ አጭሶ የማያውቅ ሰውም ፈጽሞ መጀመር እንደሌለበት ይናገራል። ከዚህ ንግግር እኔ ያስቀረሁት የወደድኩትን ቁራጭ ብቻ ነው። ዑለማዎቻችን ስለ ሲጋራ ያሉትን አንባቢ ያውቀዋል፤ መክሩህ ያሉ ነበሩ፣ ብዙዎቹ የዘመናችን ሊቃውንት ደግሞ ሐራም ብለውታል። እኔ ግን «ይህ እንፋሎት እንጂ ጭስ አይደለም» እያልኩ ለራሴው ሙፍቲ ሆንኩ።

እውነት ለመናገር ሳሉ ቀነሰልኝ፤ ደረጃ ስወጣ ማለክለኩ ቀረ። ይህን መደበቅ ፍትሕ አይሆንም። ሲጋራ ግን ከቤት ያስወጣል፣ ብርድ ያስመታል፣ ያልቃል። ቬፕ ከትራሴ ሥር አደረ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በኦክቶበር 2022 በብሪታንያ የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ ደርሶ ነበር። የጋዝና የመብራት ሒሳብ ሲመጣ እኔና ባለቤቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ሥጋ በሳምንት አንዴ ይሁን አልን፤ ማሞቂያውን ምሽት ብቻ እንክፈት አልን፤ ወደ አገር ቤት የምንልከውንም ቀነስን። በሳምንት ሦስት ቬፕ 15 ፓውንድ፣ በዓመት 780 ፓውንድ መሆኑን የሒሳብ መምህሩ በዚያ ወረቀት ላይ አልጻፈም። የጫማ ካርቶኑን ባለቤቴ ያገኘችው በዚያው በእገዳው ሰሞን ነው። አልጮኸችም። «የልጅቷ ጫማ እስከ ዒድ ይቆይ ያልከው ለዚህ ነው?» ብላ ካርቶኑን መልሳ ዘጋችው። ምነው በጮኸች ነው ያልኩት።

ያ ካርቶን የቆየው አሥር ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ሌላው ሰው እኔም አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። እገዳው ተጠቅሞ መጣልን እንጂ ቬፕን አልከለከለም። ባትሪው የሚሞላ፣ ፈሳሹም የሚቀየር ዕቃ በዚያው መደርደሪያ፣ በዚያው ቀለም ተደርድሮ ነበር። ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 4 ፓውንድ ሲሆን፣ ድሮ በ25 ፓውንድ እገዛቸው ከነበሩት አምስት ቬፖች ፈሳሽ ጋር እኩል ነው። ስሌቱን ስሠራ ደስ አለኝ። በሳምንት የምጠቀመው 6 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ወጪዬ ከሁለት ፓውንድ ተኩል አይበልጥም ማለት ነው።

አልሆነም። የሚጣለው ቬፕ ሲያልቅ ማለቁን ይናገር ነበር፤ ጠርሙስ ግን ይጨመርበታል። ወሩ ሳይሞላ በሳምንት ሁለት ጠርሙስ፣ ማለትም 20 ሚሊ ሊትር ማጤስ ጀመርኩ። ገንዘቡ ቀነሰ፤ ኒኮቲኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ።

በዚያ ሱቅ ውስጥ ሰው ኑሮውን እንዴት እንደሚገፋ ያያል። ጡረታ የወጡ አንድ እንግሊዛዊ የአውቶቡስ ሹፌር ኒኮቲን የሌለበትን ባለ 50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ10 ፓውንድ ገዝተው የኒኮቲን ጠብታ እየቀላቀሉ ይጠቀማሉ። የሚቃጠለውን ሽቦ በሙቅ ውኃ አጥበው፣ አድርቀው መልሰው ይከቱታል፤ ሻጩ እንደማይሆን ቢነግራቸውም አይሰሙም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በእያንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር ላይ 2 ፓውንድ ከ20 ሳንቲም ቀረጥ እንዲጣል መወሰኑን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ኒኮቲን ባይኖረውም ይቀረጣል። የእሳቸው ጠርሙስ ቀረጡ ብቻ 11 ፓውንድ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲደመርበት 13 ፓውንድ ከ20 ይሆናል፤ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። የኔ ባለ 4 ፓውንዱ ጠርሙስ፣ ነጋዴው ቀረጡን በሙሉ ወደ እኛ ካሳለፈው፣ 6 ፓውንድ ከ64 ሊገባ ነው። ሁለቱ በሳምንት 13 ፓውንድ ከ28፤ ወደ ጥንቱ ወጪዬ ተመለስኩ ማለት ነው።

አዛውንቱ እንደ ክረምት ማገዶ ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ ማከማቸት ጀመሩ። አንድ ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን «በዚህ ዋጋማ» ብሎ ወደሚጠቀለለው ትምባሆ ተመለሰ፤ ቀረጡ በዚያም ላይ አብሮ እንደሚጨምር ስነግረው «የሱን ያህል አይሆንም» አለኝ። ሌላው ከመደርደሪያው ሥር፣ ምን እንዳለበት ከማይታወቅ ዕቃ ይገዛል። በኖቬምበር 2024 ለፓርላማ የቀረበው የትምባሆና የቬፕ ሕግ መንግሥት ጣዕሙንና ማሸጊያውን እንዲቆጣጠር ሥልጣን የሚሰጥ መሆኑ ሲሰማ፣ የሱቁ ወሬ ሁሉ «ማንጎ ይቀራል አይቀርም» ሆነ። እንግዲህ ሽማግሌ ሰው ስለ ማንጎ ሲጨነቅ አስቡት! እኔ በበኩሌ ያ ሮዝና ቢጫ ቀለም ከልጆች ዓይን ቢጠፋ አላዝንም። ግን አጫሾቹን ወደ ሲጋራ የሚመልስ ከሆነስ? ይህን ጥያቄ የማነሳው በራሴ ስላየሁት ነው።

በዲሴምበር 2025 እናቴን ለማየት ወደ አገር ቤት ሄድኩ። በአገራችን ቬፕን ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የተከለከለ ነው። ስለዚህ ዕቃዬን ለንደን ትቼ በንጹሕ ኪስ ወረድኩ። ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን፣ አራት ዓመት ሙሉ ከአፌ ያላስጠጋሁትን ሲጋራ ከሰፈር ሱቅ ገዛሁ። ማታ እናቴ እጄን ስስማት አሸተተችኝ።

«ልጄ፣ ይህን ነገር ትተኸው አልነበረም ወይ?»

«ትቼዋለሁ እማ» አልኳት። እንዴት ያለ መልስ ነው! እሷም ለሶላት ተነሣች።

ለንደን ተመልሼ ሲጋራውን በቬፕ አስጣልኩት። ከዚያ ረመዷን ገባ። በፌብሩዋሪ 2026 መጨረሻ ገደማ በመድረሳችን የጋራ ኢፍጣር አዘጋጅተን ነበር። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ቴምርና ውኃ ቀምሶ ወደ መግሪብ ሶላት ይሰለፋል። እኔ ቴምሩን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ በኋላ በር ወደ ደረጃው ወጣሁ። ለሁለት ደቂቃ ነበር። በሩ ተከፈተና ያ ልጅ የቆሻሻ ከረጢት ይዞ ወጣ።

እንፋሎቱ በመካከላችን ነበር። እዚህ አገር የተወለዱ ልጆች አንቱታ አይለምዱምና «ኡስታዝ፣ አንተም?» አለኝ። ሊያሳፍረኝ አልነበረም፤ እውነት ገርሞት ነው።

ያን ጊዜ የሚዋሽ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። «አዎን። ባለፈው ስመክርህም ኪሴ ውስጥ ነበር» አልኩት። ኢቃማ እስኪባል ቆመን አወራን። እሱ ከጁን ጀምሮ ሁለቴ ወድቆ ሁለቴ መነሣቱን ነገረኝ። የክፍል ጓደኞቹ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይቀባበላሉ፤ አሁን ግን አንድ ወር አልፎታል። እኔ አንድ ቀን እንኳ አላለፈኝም። «የአንተ ስንት ሚሊ ግራም ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሃያ» አልኩት። «የኔም ሃያ ነበር» አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቱን ለብቻዋ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከፈለገች ልጇን ወደ ሌላ መምህር እንድትወስድ ጭምር። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «አላህ ያግራልዎ ኡስታዝ» አለች በመጨረሻ። «ልጄን ግን ዓይኑን እያዩ እንዳይዋሹት።» ለኮሚቴውም ነገርኩ። አንዳንዶቹ እስካሁን ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ወዲህ የኒኮቲኑን መጠን እየቀነስኩ ነው፤ ከ20 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 6። በሱቁ ውስጥ ያሉ ሰዎች እንዳስተማሩኝ፣ መጠኑ ሲቀንስ እጅ አብዝቶ መሳብ ስለሚፈልግ ጠርሙሱን ባለቤቴ ትይዘዋለች፤ በሳምንት አንድ ብቻ ትሰጠኛለች። የተረፈውን ገንዘብ የት እንደምታስቀምጠው አልጠየቅኳትም።

ልጁ አሁን ሱረቱል ሙልክን በቃሉ እየያዘ ነው። እሁድ እሁድ ተራው ሲደርስ ከፊቴ ይቀመጥና ከመጀመሩ በፊት ዝቅ ባለ ድምፅ «ኡስታዝ፣ ስንት ደረሰ?» ይለኛል።

«ያው ስድስት» አልኩት ባለፈው።

«እሺ» ብሎ አዑዙውን ጀመረ።