የራስ ቁርና የልማድ ጉልበት

በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ፣ ማለትም በበረዶ ላይ በሚካሄደው ሆኪ ቀዳሚ በሆነው ውድድር፣ የመሣሪያ ምርጫ ከደኅንነት ይልቅ ለልማድ ሲገዛ መኖሩን የራስ ቁር ታሪክ በግልጽ ያሳያል። የሚኒሶታ ኖርዝ ስታርስ ተጫዋች የነበረው ቢል ማስተርተን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1968 ራሱን ሳይሸፍን ሲጫወት ተገጭቶ በመውደቁ፣ ጭንቅላቱ ከበረዶው ጋር ተላትሞ ከሁለት ቀን በኋላ ሕይወቱ ያለፈ ሲሆን፣ ይህን የመሰለ አሳዛኝ ሞት ከደረሰ በኋላ እንኳ ሊጉ አስገዳጅ ደንብ እስኪያወጣ ድረስ ከ11 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በ1979 የወጣው ደንብም ቀደም ብለው ውል የፈረሙትን ነጻ ስላደረገ፣ ከእነሱ አንዱ የሆነው ክሬግ ማክታቪሽ እስከ 1997 ያለ ራስ ቁር ተጫውቷል። ቫይዘር የሚባለው፣ ዓይንን የሚጋርደው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክም በ2013 ለአዲስ ገቢዎች ግዴታ ሲሆን፣ ነባሮቹ በተመሳሳይ መንገድ ነጻ ተደርገዋል። ቫይዘሩ በላብና በእርጥበት እየደበዘዘ ዕይታን ያውካል የሚለው የተጫዋቾች ቅሬታ መሠረት የሌለው ባይሆንም፣ ፓክን፣ ማለትም ከጠንካራ ጎማ የተሠራውን፣ እስከ 170 ግራም የሚመዝነውንና በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሊወነጨፍ የሚችለውን ጠፍጣፋ ክብ፣ በባዶ ዓይን መጋፈጥን የሚያጸድቅ ምክንያት ግን ፈጽሞ ሊሆን አይችልም።