ማርና የቤታችን ሕፃን

በቤታችን የማር ገንቦ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እናታችን ከጎጃም በመጡ ቁጥር ከአያት ቀፎ የተቆረጠውን ማር ሳይዙ አይመጡም፤ እኛም ሳል ሲይዘን፣ እጃችን ሲቃጠል፣ የልጆቻችን ገላ ጭርት ሲያወጣ አስቀድመን የምንሄደው ወደዚያው ገንቦ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን ይህ ልማዳችን ተፈተነ። የሦስት ወር ልጃችን ምላሷና የጉንጯ ውስጥ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ለብሶ ጡት መጥባት ተሳናት። እናታችን ጣታቸውን በማር ነክረው ወደ አፏ ሲያቀርቡ፣ ልትጠይቀን የመጣችው ነርስ ጎረቤታችን እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ እባክዎን ይተዉ» አለቻቸው።

እርሳቸውም ተቆጥተው፣ «ልጄ፣ ማር መድኃኒት አይደለምን? ማን በማር ሞተ?» አሏት። እኛም በልባችን ከእናታችን ጋር ነበርን።

ነርሷ ግን በትዕግሥት አስረዳችን። የእናታችን ነገር ሐሰት አልነበረም። በማር ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 17 እስከ 20 እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሻጋታ በቀላሉ አይበቅልበትም፤ ኮምጣጣነትም አለው። ንቦች ከሰውነታቸው የሚጨምሩበት ንጥረ ነገር፣ ማሩ ጥቂት ሲቀጥን፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለውን ጀርም ገዳይ ያስገኛል። ከተቀሰመውም አበባ ፍላቮኖይድ የተባሉ የዕፀዋት ቅመሞች ይገቡበታል፤ ስለዚህ የገተም ማርና የግራዋ ማር ኃይላቸው አንድ አይደለም። በላቦራቶሪም ማር በልጃችን አፍ የበቀለውን ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ ሲያዳክም ታይቷል። ይሁን እንጂ ካንዲዳ ከብዙ ባክቴሪያዎች ይልቅ ማርን ስለሚቋቋም ወፍራም ማር ያሻል፤ በአፍ ውስጥ ደግሞ ምራቅ ወዲያው ያቀጥነዋል።

«እማማ፣ ጠጅ ሲጥሉ አይተውት የለምን? ብርዙን የሚያፈላው እርሾ ራሱ የፈንገስ ወገን ነው። ማር ፈንገስን ሁሉ የሚገድል ቢሆን ኖሮ ጠጅ ባልፈላ ነበር» አለቻቸው። እናታችን ስንት ዘመን ጠጅ ጥለዋልና ዝም አሉ።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። ጤነኛ የሆነ ትልቅ ሰው ቢበላው አይጎዳም፤ ዓመት ባልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ሊበቅል ይችላል፤ መርዙም ጡንቻን አዝሎ እስትንፋስን እስከ ማቋረጥ ይደርሳል። ማሩን በቤት ማፍላትም ዘሩን አያጠፋውም። ይህን በሰማን ጊዜ ያች በማር የተነከረች ጣት ወዴት ትሄድ እንደ ነበር አስበን ደነገጥን።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰድናት። የታዘዘላት ጠብታ ኒስታቲን ነበር፤ ይኸውም ኤልሳቤጥ ሔዘንና ራሔል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያት ሊቃውንት በአፈር ውስጥ ከሚኖር ጥቃቅን ሕያው አግኝተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ያሳወቁት መድኃኒት ነው። የእናቲቱም ጡት አብሮ ታከመ፤ ልጃችንም ነጩ ነገር ለቀቃትና እንደ ቀድሞዋ ጠባች።

ውድ አንባብያን፤ ማርን አናቃልል፤ ከመጠኑም አናሳልፈው። የራስ ቆረቆር ያለበትንም ልጅ ማር ቀብታችሁ አታቆዩት፤ ፈንገሱ ከጠጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያሻዋልና።

እናታችን በዚያን ቀን የገንቦውን አፍ ከድነው፣ «እንግዲህ ዓመቷ ሲሞላ እኔው አቀምሳታለሁ» አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ።