የግቢው ዳር ሱቆች

በ1998 ዓ.ም. አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን የግቢዋን ደቡባዊ ዳር አልምታ ሱቅ ልታከራይ ነው ሲባል ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ዙሪያ ሌላ ወሬ ጠፋ። «በእግዚአብሔር ግቢ ሱቅ? የጌታ ጅራፍ ነው የሚመጣብን!» የሚሉ እናቶች በአንድ ወገን፣ «ታዲያ ዲያቆናቱ ምን ይብሉ?» የሚሉ ጎልማሶች በሌላ ወገን ቆሙ። እኔ የሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ማን ምን እንዳለ ዛሬም አልረሳሁትም።

የደብሩን ስም አልጠቅስም። አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ የራሱን ሰፈር ደብር ቢያስብ ብዙም አይርቅም።

ገቢያችን ሙዳየ ምጽዋት፣ ስእለትና የአባላት መዋጮ ነበር። ንግሥ ባለበት ወር ሣጥኑ ይሞላል፤ ክረምት ሲገባ ሒሳብ ሹሙ ፊቱን ያጠቁራል። ከተገኘው ላይ ለሀገረ ስብከት ፈሰስ ይደረጋል፣ የተረፈው ለደመወዝ ይከፋፈላል። የአንድ ዲያቆን ደመወዝ ከታክሲ ወጪው ብዙም አያልፍም ነበር። የአብነት ትምህርት ቤቱ መሪጌታ የሚኖሩት አንዲት በጎ አድራጊ በየወሩ በሚልኩላቸው ጤፍ ነው። ተማሪዎቻቸው ደግሞ ከጎጃምና ከጎንደር የመጡ ልጆች ናቸው። በአገራቸው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በር ላይ የቆመ ተማሪ ቁራሽ አያጣም። በእኛ ሰፈር ግን በሩ ብረት፣ አጥሩ ግንብ ነው፤ ብቅ የሚለው ዘበኛ ነው፣ እሱም «ሂድ ከዚህ» ይላል።

በአንደኛው ስብሰባ ቄሰ ገበዙ ተነሡ። ብዙ የማይናገሩ አረጋዊ ነበሩ። «ልጆቼ፣ እናንተ ልማት የምትሉት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም» አሉ። «አባቴ ይቀድሱ የነበሩት በሰሞን መሬታቸው ነው። ቀዳሹም፣ መሪጌታውም፣ ደወል መቺውም ድርሻው የታወቀ ነበር። አገልግሎቱን የተወ መሬቱንም ይለቃል። ኋላ አዋጁ መጣና ሁላችንም እጃችንን ለሣጥን ዘረጋን።»

አዋጁ ያሉት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ፤ ቤተ ክርስቲያን በከተማ የምታከራያቸው ቤቶችም ተወረሱ። ለገበሬው «መሬት ላራሹ» ፍትሕ ነበር፤ ይህን ቄሰ ገበዙም አልካዱም፣ እኔም አልክድም። ገባር የነበረ ሰው የሰሞን መሬትን የሚያስታውሰው እንደ ካህኑ በናፍቆት አይደለም። ነገር ግን ለዘመናት የቆየ የኑሮ ሥርዓት በጥቂት ወራት ሲፈርስ ካህኑ የሚተዳደርበት ሌላ አልነበረም። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለውን ደንብ አውጥተው ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች የሚወከሉበትን ሰበካ ጉባኤ ባያቋቁሙ ኖሮ የብዙ አድባራት በር በተዘጋ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኛም ያን ቀን የተሰበሰብነው እሳቸው ባቆሙት ጉባኤ ነው።

እናቶችን ያሳመነው ግን ቄሰ ገበዙም ቃለ ዓዋዲውም አይደለም። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው የመጡ አንዲት እማሆይ ናቸው። ከኋላ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተው «እስቲ እኔም ልናገር» አሉ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ባለችበት በምዕራብ ኢየሩሳሌም፣ የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ለዴር ሡልጣን ገዳማችን ቦታ እየገዙ ቤት ሠርተው እንደነበር፣ ኪራዩም የመነኮሳቱ መተዳደሪያ እንደሆነ ተረኩልን። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩትን ሕንፃ በእንግሊዞች ዘመን የፍልስጤም ሬዲዮ፣ ኋላም የእስራኤል ሬዲዮ ተከራይተው ለረጅም ዓመታት ሠርተውበታል። «እቴጌይቱ ያከራዩትን እኛ ብናከራይ ነውር ነው?» ሲሉ ጉባኤው በሣቅ ሞላ። ጅራፍ የጠቀሱት እናት ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሣቁ። በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራው የተጀመረው በመቃብር ነው። ደቡባዊው ዳር የድሮ መቃብር ነበረበት። በየሰንበቱ በድምፅ ማጉያ ቤተሰብ ያላችሁ ኑ ተብሎ ተለፈፈ፤ የመጣም አለ፣ ያልመጣም አለ። ቁፋሮው በተጀመረ ቀን ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ። ቀን ሠራተኞቹ በዶማ ሳይሆን በአካፋ፣ ቀስ እያሉ ነበር የሚያወጡት። አፅሙን በነጭ አቡጀዴ እየጠቀለልን፣ ስሙ የታወቀውን ስሙን በወረቀት ጽፈን እየሰፋንበት፣ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ በተዘጋጀው አንድ ሰፊ ጉድጓድ አኖርነው። አንድ ሽማግሌ የወላጅ እናታቸውን መቃብር ሊያዩ ከሩቅ መጥተው ነበር። አቡጀዴውን ለሌላ ሰው አላስያዙም፤ ራሳቸው ታቅፈው ወሰዱት። ማንም «ላግዝዎ አባቴ» ለማለት አልደፈረም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሲሚንቶ ታሪክ ነው። ዘመኑን የሚያስታውስ ያውቀዋል። ከተማው ሁሉ ግንባታ ላይ ነው፣ ደርባ ገና ሥራ አልጀመረም፣ ሙገርና መሰቦ ለአገሩ አልበቃ ብለዋል። ዋጋው ዛሬ ከሰማነው ነገ ይለያል። ኮንትራክተሩ «ሲሚንቶ አምጡ፣ አለበለዚያ ሰዎቼን ልበትን ነው» አለን። አስተዳዳሪው በንግሡ ዕለት ከስብከቱ በኋላ ይህንኑ ለሕዝቡ ነገሩ። ከዚያ ወዲህ ለስእለት ጥላና መጋረጃ የሚያመጣው ሰው ሲሚንቶ ማምጣት ጀመረ። በጋሪ፣ በሚኒባስ ጣሪያ፣ አንዳንዱም በትከሻው ኩንታል ተሸክሞ «ስእለቴ ነው» እያለ ደጀ ሰላሙ ላይ ያወርዳል። ልጅ የተሰጣት አንዲት ሴት ፌሮ አምጥታለች። እኔ ደረሰኝ ስጽፍ «ስእለት» በሚለው ዓምድ ሥር «ባለ 12 ፌሮ» ብዬ መመዝገቤ እስካሁን ያሥቀኛል።

ሕንፃው በ2002 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ታች ሱቆች፣ ላይ ደግሞ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያና የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ነው። ጳጳስ መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከምርቃቱ በኋላ ነው። ኪራዩ በየወሩ ይገባል፤ የመሪጌታው ደመወዝ ግን ያው ነው፣ ልጆቹም ያው ቁራሽ ለቃሚ ናቸው። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘይት ልገዛ ከሱቆቹ ወደ አንዱ በገባሁበት ቀን ነው። ሻጩ ወጣት ኪራይ ከበደኝ ብሎ አማረረ። «ለደብሩ ነው የምትከፍለው?» አልኩት። «ኧረ ምን ነካህ ጋሼ፣ እኔ ለሰውዬው ነው የምከፍለው። ደብሩን ማን ያውቀዋል!» አለኝ። የነገረኝ ገንዘብ እኛ መዝገብ ላይ ካለው አራት እጥፍ ይሆን ነበር። «የቁልፍ» ተብሎም ሌላ ገንዘብ አስቀድሞ ከፍሏል።

ውሉን ለማየት ጽሕፈት ቤቱን ብዙ ደጅ ጠናሁ። ፋይሉ ጠፋ፣ ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ላይ ነው፣ አባታችን ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ያሳየኝ አንድ ዲያቆን ነው፤ ስሙን አላወጣም። ሱቆቹ ያለ ጨረታ፣ ለአሥር ዓመት፣ ለሦስት ሰዎች ተሰጥተዋል። የዋጋ ማሻሻያ የለውም። ለሌላ ማከራየትን የሚከለክል አንቀጽም የለውም። በደብሩ ስም የፈረሙት ሰዎች ውሉን ለጉባኤው አንድም ቀን አላቀረቡም።

በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርቱ ተነቦ «ጥያቄ ካለ» ሲባል እጄን አውጥቼ ውሉ እንዲነበብ ጠየቅሁ። ጉምጉምታ ሆነ። «ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው» የሚል ድምፅ ከመድረኩ ተሰማ። ያኔ ነው እማሆይ ከኋላ «እኔ የኢየሩሳሌሙን የነገርኳችሁ ለዚህ ነው? አንብቡት!» ያሉት። ተነበበ። ተከራዮቹ ስማቸው ሲጠራ ሁለቱ የፈራሚዎቹ ዘመዶች መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበርና አዳራሹ ተናወጠ።

የፍርድ ቤቱን ምልልስ አልዘረዝርም፤ አሰልቺም አድካሚም ነበር። በመጨረሻ በስምምነት ውሉ ፈረሰ፣ ሱቆቹ በግልጽ ጨረታ ለሦስት ለሦስት ዓመት ተከራዩ፣ ለሌላ ማከራየት ተከለከለ። መጠጥ አይሸጥም፣ ቅዳሴ ላይ ሙዚቃ አይከፈትም የሚል አንቀጽም ገባ። የመሪጌታው ደመወዝ ቤት የሚያስተዳድር ሆነ። ለተማሪዎቹ ወጥ ቤትና አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ተቀጠረላቸው። ከእነዚያ ልጆች መካከል ዛሬ እዚያው ደብር ድጓ የሚያስተምር አለ።

ሁሉም ተስተካክሏል ማለቴ ግን አይደለም። በድሮው አጥር ሥር ሻማ፣ ጧፍና ዕጣን ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ሱቅ ለመከራየት አቅም አልነበራቸውም። አንዲት ትንሽ በረንዳ ይሰጣቸው ብዬ ያቀረብኩት ሐሳብ በየስብሰባው «ይታያል» እየተባለ ዓመታት አለፉ። አሁንም አስፋልቱ ዳር ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሻማቸውን ጠቅልለው ወደ ግቢ ይሮጣሉ። ይህ አሳፋሪ ነው። በድሃ ስእለት የተሠራ ሕንፃ ለድሃ የሚሆን ጥግ ሊያጣ አይገባውም ነበር።

ዛሬ በየአጥቢያው ሕንፃ እየተሠራ ነው፤ ይሠራ፣ አልቃወምም። አንባቢዬ የሰበካ ጉባኤ አባል ከሆንክ፣ ከሆንሽም፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርቱ ሲነበብ የኪራይ ውሉም አብሮ እንዲነበብ ጠይቁ። ማን እንደተከራየ፣ በስንት፣ ለስንት ዓመት። መብታችሁ ነው።