ሁለቱ ባዶ መደቦች

በኮምፕረሰር ክፍላችን ወለል ላይ ሦስት የኮንክሪት መደቦች አሉ። አንዱ ላይ ትልቁ ስክሩ ኮምፕረሰር ቀን ከሌት ያጓራል። ሁለቱ ላይ የዘይት በርሜል ተቀምጧል።

ሦስቱንም ያስገነባሁት እኔ ነኝ። ለኤክስፖርት ቄራው የአሞኒያ ማቀዝቀዣ ስንነድፍ፣ ሥራውን ለሦስት ኮምፕረሰር ላከፋፍል አስቤ ነበር። የቄራ ብርድ ሁሌም እኩል አይደለም። የታረደው በግና ፍየል 39 ዲግሪ የሚጠጋ የገላ ሙቀቱን ይዞ ሲገባ፣ ያንን ከ4 ዲግሪ በታች ለማውረድ ሙሉ ጉልበት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ፣ ሥጋው ወደ ዱባይና ጅዳ እስኪጫን፣ የቀዘቀዘውን መጠበቅ ብቻ ነው። በእኔ ንድፍ ሁለቱ ወይ በሙሉ አቅም ይሠራሉ ወይ ጠፍተው ያርፋሉ፤ ፍጥነቱ በድራይቭ የሚለዋወጠው ሦስተኛው የጎደለውን ይሞላል።

የግዢው ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ኢንጂነር፣ አንዱ ትልቁ ብቻውን አይችልም?» አሉኝ። የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ የውጭ ምንዛሬም እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

«ይችላል» አልኩ።

አልዋሸሁም። ስንት እንደሚበላ ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ሒሳቡን የሠራሁበት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ምነው ያኔ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ በዘረጋሁት! ሰው ፊት መከራከር ከብዶኝ፣ ለዓመታት የሚከፈል ዕዳ በአንድ ቃል ፈረምኩ።

ስክሩ ኮምፕረሰር ሥራ ሲቀልለት ስላይድ ቫልቩ የሚታመቀውን ጋዝ ይቀንሳል እንጂ ሞተሩ መሽከርከሩን አይተውም። የሩብ ያህል ብርድ ሲሰጥ ከሙሉ ኃይሉ ወደ ግማሽ የሚጠጋ መብራት ይበላል። የእኛው ደግሞ አብዛኛውን ሰዓት የሚሠራው እንደዚያ ነው። ለጥገና ሲቆም የሚተካው የለም፤ ክፍሉ ሙሉ ሥጋ እያለ ቴርሞሜትሩ ሽቅብ ሲወጣ ቆሜ ያየሁበት ሌሊት አለ።

አሁን ልጨምር ብል ቧንቧው፣ የዘይት መስመሩ፣ ፓነሉ ሁሉ ለአንዱ ተለክቶ ተሠርቷል። በወረቀት ላይ በአንድ መስመር ይስተካከል የነበረው፣ ዛሬ ብረት መቁረጥና ፋብሪካ ማቆም ይጠይቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሰሞን ለልምምድ የመጣ ልጅ በርሜሎቹን ሲያነሳ መደቦቹን አየና «ጋሼ፣ እነዚህ መደቦች ለምን ተሠሩ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ለማስፋፊያ» አልኩት።

ለሁለተኛ ጊዜ ስጠየቅ፣ አሁንም ወረቀቱን አላወጣሁም።