የተበላሸው የቱ ነው?



ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ ስለ ተበላሸ አንድ ዕቃ ልናጫውታችሁ ወደድን። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ጌታ ግን በእርሱ ገሥጾናል፣ አስተምሮናልም።

በአጥቢያችን ከቤት መውጣት የማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን አሉ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ስልክ አይጠቀሙም፤ ልጆቻቸው የገዙላቸው የሲዲ ማጫወቻ ግን አላቸው። ስለዚህ የእሑዱን ስብከት ሰኞ በሲዲ እንቀዳለን፤ ማክሰኞ የጉብኝት ቡድኑ ያደርስላቸዋል። አንድ የድምፅ ሲዲ 80 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ ለስብከቱም ለጸሎቱም ይበቃል። ዓይናቸው የደከመ አንዲት እናታችን ሲዲውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «የኔ እሑድ ማክሰኞ ነው» ይላሉ።

አንድ ሰኞ ግን የቢሮው ኮምፒውተር ሲዲ አልቀበልም አለ። ትሪው አልከፈት ሲል የወረቀት ክሊፕ ቀጥ አድርገን ከፊቱ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በማስገባት ከፈትነው። ሲዲውን አስገብተን ስንዘጋው ደግሞ ያጉረመርማል እንጂ አያነብም። ለቢሮ ወጪ የቀረን ገንዘብ 800 ብር ብቻ ነበር።

ታዲያ ምን አደረግን? እውነቱን እንናገር፤ ከመጸለያችን በፊት በውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን ደብዳቤ ጻፍን። «ኮምፒውተራችን ተበላሽቶ አገልግሎታችን ቆሟል» የሚል ነበር። አዲስ ላፕቶፕ ከተመኘን ቆይተን ነበርና አጋጣሚው መልካም መሰለን። ማኅተም ልናሳርፍበት ስንል በሒሳብ ክፍል የምታገለግለው እህታችን ደብዳቤውን አንብባ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የተበላሸው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ሲዲ ሮሙ?» አለችን።

መልስ አጣን። ደብዳቤውን የጻፍነው በዚያው «ተበላሽቷል» ባልነው ኮምፒውተር ነበርና!

ያን ጊዜ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 የተጻፈው ታሪክ ትዝ አለን። ከነቢያት ልጆች አንዱ በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ውኃ ውስጥ ገባበት። ምሳሩ የተዋሰው ስለ ነበር ጮኸ። ኤልሳዕ ግን አስቀድሞ ብረቱ የት እንደ ወደቀ ጠየቀው፤ ሰውየውም ስፍራውን አሳየው። ብረቱ የተንሳፈፈው በዚያው ባሳየው ስፍራ ነው። ሰውየው መሣሪያዬ ሁሉ ጠፋ አላለም፤ የጎደለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰብከነዋል! በዚያን ቀን ግን እኛኑ ሰበከን።

ደብዳቤውን ቀደድነው። ከወጣቶቻችን መካከል ጥገና የሚያውቀውን ወንድም ጠራን። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከመብራቱ ነቀለውና የጎኑን ክዳን ከፈተ። መጀመሪያ የሌንሱን አቧራ በጥጥና በአልኮል ጠረገ፤ አልሆነም። ከዚያ የኋላውን ገመድ አሳየንና፣ «ፓስተር፣ ይህ ሳታ ነው። የድሮዎቹ አይዲኢ የሚባሉት ሰፊና ጠፍጣፋ ገመድ ስላላቸው እዚህ አይገጥሙም። ሳናይ ብንገዛ ገንዘባችን ይባክን ነበር» አለ። ከዚያም አብረን ሄደን ያገለገለ ዲቪዲ ራይተር በ350 ብር ገዛን። ግን ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት ሱቁ ውስጥ አንድ ሲዲ አስነበበው፤ አንድ ባዶ ሲዲም አስቀዳው። ቢሮ ተመልሰን ስንገጥመው ሥራው ሁለት ገመድ መሰካትና አራት ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነበር።

የዚያ ሳምንት ሲዲ ረቡዕ ደረሰ። እናታችንም፣ «ዘገያችሁ እንጂ አልቀራችሁም፤ ተመስገን» አሉ። በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ የቀደድነውን ደብዳቤ ነገር ሳንደብቅ ተናገርን። ማፈራችን አልቀረም፤ ነገር ግን ልባችን ቀለለን።

ወገኖች ሆይ፣ መቸገር ኃጢአት አይደለም። እርዳታ መጠየቅም ነውር የለበትም። ነገር ግን ችግራችንን አስፍተን ስንናገር፣ በእግዚአብሔር ስም እንኳ ቢሆን፣ ሐሰት ነው። በንስሐም እንዲሁ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ደካማ ነኝ» ብሎ በጥቅሉ መጸለይ ይቀላል። «ትናንት ለባለቤቴ የዋሸሁት ይህ ነው፤ ከወንድሜ የወሰድኩት ይህን ያህል ነው» ማለት ግን ይከብዳል። ስፍራውን ማሳየት ማለት ይህ ነው።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችንም፣ «የእኔ ሕይወት እንዳለ ተበላሽቷል፤ ከእንግዲህ አይጠገንም» ብላችሁ ራሳችሁን አትጣሉ። ኢየሱስ የተሰበረውን አይጥልም። የሚያማችሁን ስፍራ በእውነት አሳዩት፤ እጁን የሚያኖረው እዚያ ላይ ነው።

እስቲ ዛሬ ማታ በጸሎት ስንንበረከክ ሁላችንም ይህን እንጠይቅ፦ በእኔ ውስጥ የተበላሸው የቱ ነው?

ጌታ ይባርካችሁ።