የታጁራ ልጆችና ባሕሩ



በየቤታችን አንድ ልጅ ጥጉን ይዞ ዝም ብሎ ከተቀመጠ የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው። «ምን ሆነሃል? አሞሃል? ማን ነካህ?» ይባላል። እኛ መምህራንም በክፍል ውስጥ ከዚህ የተለየ አናደርግም፤ በመስኮት አሻግሮ የሚመለከት ተማሪ ትምህርቱን እንደናቀ ይቆጠራል። ዝምታ በሽታም ጥፋትም ላይሆን እንደሚችል፣ ልጅም እንደ አዋቂ ለብቻው የሚያስበው ነገር እንዳለው የምናስታውሰው ከስንት አንዴ ነው። በባሕር ዳርቻ ግን ይህ ጥያቄ የለም። ከውኃው ፊት የተቀመጠን ልጅ ማንም «ምን ሆነሃል?» አይለውም። በ2017 ጥር ወር የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ሁለት መምህራን ሆነን፣ አንድ አሮጌ ካሜራ ይዘን ወደ ጅቡቲ የወረድነው ይህንኑ ለማየትና፣ ፈቃድ ከተገኘም፣ በፎቶግራፍ ለማስቀረት ነበር።

የመረጥነው ስፍራ ጅቡቲ ከተማን አይደለም፤ እርሷ የወደብና የከባድ መኪና ከተማ ነች። ባሕረ ሰላጤውን በፌሪ ተሻግረን በሰሜኑ ዳርቻ ወደምትገኘው ወደ ታጁራ አለፍን። ታጁራ ጀርባዋን ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ለሚሉት ለጎዳ ተራሮች ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ደቡብ ወደ ውኃው አዙራ የተቀመጠች ጥንታዊት የአፋሮች ከተማ ነች። ቤቶቿ ነጭ በመቀባታቸው ነጯ ከተማ፣ በመስጊዶቿም የሰባቱ መስጊዶች ከተማ ይሏታል። የሡልጣኔት መቀመጫ ስትሆን ሡልጣኗ «ደርደር» በሚል ማዕረግ ይጠራል። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፤ አብዛኞቹም ዞረው ዞረው ከባሕሩ ይወጣሉ። በየመን አሠራር ተሰንጥቆ የተጠበሰው ዓሣ ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣው ነበር፤ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ታጁራን ባናውቃት እንኳ አያቶቻችን ያውቋት ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚወጣው የግመል ቅፍለት ከአሳል ሐይቅ ጨው ይጭን ነበር። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊው ሃሪስ ጉዞውን የጀመረው ከታጁራ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ እ.ኤ.አ. ከ1885 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1886 ድረስ ቅፍለቱ እስኪሰናዳለት እዚሁ ተጉላልቷል። በዚሁ መንገድ ከላይ ወደ ታች የወረደ ሌላ ጭነትም ነበረ። በ19ኛው መቶ ዘመን ከመሀል ሀገር ተፈንግለው የመጡ ባሪያዎች፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ ልጆች፣ በዚህ ዳርቻ በጀልባ ተጭነው ወደ ዐረብ ምድር ተሻግረዋል። እነዚያ ልጆች ከመጫናቸው በፊት ውኃውን እንዴት አድርገው አይተውት ይሆን? የታጁራን ባሕር ማማር የሚያወራ ሰው ይህን ቢያልፈው አይገባም ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣነውም። ጀልባዎቹ በሚጎተቱበት ስፍራ ከግንብ ሥር ተቀመጥን። ልጆቹ ወዲያው ከበቡን። ከመካከላቸው ከኢትዮጵያ ሾፌሮች የለቀሙትን ጥቂት አማርኛ የሚናገሩ አሉ። «ፎቶ! ፎቶ!» አሉን። የዛሬ ልጅ፣ አፋርም ይሁን የአዲስ አበባ፣ ካሜራ ወይም ስልክ ወደ እርሱ ሲዞር ካየ ሁለት ጣቱን ቀስሮ፣ ጥርሱን ገልጦ ሌላ ልጅ ሆኖ ይጠብቃል። ከረሜላ ወይም ሳንቲም የሚሰጡ ጎብኚዎች ደግሞ ነገሩን ያባብሱታል፤ ልጁ ዝምታውንም ቢሆን ለገበያ ማቅረብ ይለምዳል። እኛ ምንም አልሰጠንም፤ ምንም አልጠየቅንም። በሁለተኛው ቀን የከበቡን ልጆች ግማሽ ሆኑ። በሦስተኛው ቀን እንደ ግንቡ ድንጋይ ቆጠሩንና ወደየጉዳያቸው ሄዱ። ሥራችን የተጀመረው ያኔ ነው።

ስለ ብርሃኑ ጥቂት እንበል፤ ካሜራ ለያዙ ወጣት አንባብያን ይጠቅም ይሆናል። ከተማዋ ወደ ደቡብ የዞረች በመሆኗ በጥር ወር ፀሐይ ከባሕሩ በላይ በግራ ወጥታ በቀኝ ትጠልቃለች። ስለዚህ ውኃውን የሚያይ ልጅ ፊቱ ከፈጅር በኋላ ከግራ፣ ከዐስር በኋላ ደግሞ ከቀኝ ብርሃን ያገኛል። በእኩለ ቀን መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ብርሃኑ ከአናት ወርዶ ዓይንን ያጨልማል። ትልቁ ችግር ግን ነጩ ግድግዳ ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የሚያመዛዝን ዕቃ ስለሆነ፣ ነጭ ግድግዳ ሲበዛበት ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ ጠይሙ ልጅም ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው የብርሃኑን መጠን በእጅ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግና ለግድግዳው ሳይሆን ለፊቱ መለካት ነው። ይህ ችግር የእኛ ካሜራ ብቻ አይደለም። የኮዳክ የቀለም ፎቶ ማስተካከያ መመዘኛ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር። የእኛ መልክ በዚያ መለኪያ ውስጥ አልተቆጠረም።

«ለመሆኑ የልጅ ፎቶ ማንሳቱስ እንዴት ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ታጁራም ገጥሞናል። ዑለማዎቻችን በዚህ ጉዳይ እንደተለያዩ የታወቀ ነው። የግብፁ ሙፍቲ ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍ በብርሃን አማካይነት ጥላን መያዝ እንጂ ፍጥረትን ማስመሰል አይደለም በማለት ፈቅደው ጽፈዋል። ሸይኽ ኢብኑ ባዝ ደግሞ ነፍስ ያለውን ነገር ማንሳት ከመታወቂያና ከመሳሰለው አስገዳጅ ጉዳይ በስተቀር ከልክለዋል። ብርሃንን አጥብቀው ከመረመሩት መካከል በባስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም (965 – 1040 ገደማ) እንደነበር ማስታወስም አይከፋም፤ በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ በትንሽ ቀዳዳ አልፎ የሚያርፈው ብርሃን የማጭድ ቅርጽ የሚይዝበትን ምክንያት ጽፎ አልፏል። መዲናንም እ.ኤ.አ. በ1861 በፎቶግራፍ ያነሳት ሙስሊም የግብፅ መኮንን፣ ሙሐመድ ሳዲቅ ነበር። እኛ በዚህ ገጽ ፈትዋ አንሰጥም፤ ችሎታውም የለንም። ያደረግነው በየደጁ ሄዶ መጠየቅ ነው። በአንዱ ቤት አዛውንቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኛ ዘንድ አይሆንም» አሉን፤ ሻይ ጋበዙንና ስለ ዓሣው ዋጋ ተጨዋውተን ወጣን። የልጅ ልጃቸው በየማለዳው ያችኑ ድንጋይ ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ካሜራችን አንድም ቀን ወደ እርሱ አልዞረም።

ከፈቀዱት ቤቶች ያገኘናቸው ሦስት ፎቶዎች ደስ አሰኝተውናል። ከዚህ ጽሑፍ ጋር ግን አታገኟቸውም። ምክንያቱን የአንዲቱ ልጅ እናት እንዲህ አስረድተውናል፦ «ወንድሞቼ፣ ለቤቴ ይሁንልኝ። ለመጽሔት ግን አይሁን። ልጄን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ያያታል?» መልስ አልነበረንም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የልጅን የግል ሕይወት የሚጠብቅ ቃል አለው፤ የእናቲቱ አባባል ግን ከአንቀጹ ይልቅ ቶሎ ይገባል። ስለዚህ ፎቶዎቹን በቃል እንነግራችኋለን።

አንደኛው የእኚሁ እናት ልጅ ነች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ታናሽ ወንድሟ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ የሻሿን ጫፍ ከዝንብ ልትከልለው ፊቱ ላይ ጣል አድርጋለታለች። የምታየው የአባቷ ጀልባ የሚመጣበትን አቅጣጫ ነው። እጅዋ ሕፃኑን ይጠብቃል፣ ዓይኗ አባቷን ይጠብቃል። በዚያ ዕድሜ ይህን ያህል ጥበቃ ከባድ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ያየነው ፊት ግን የተጨነቀ አልነበረም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር።

ሁለተኛው ከዐስር በኋላ የተነሳ ነው። የቁርኣን ቤት ልጆች የለውሓቸውን ቀለም አጥበው የእንጨት ሰሌዳዎቹን ለማድረቅ ከግድግዳው ጋር አስደግፈዋቸዋል። ሌሎቹ ኳስ ይዘው ሲሮጡ አንድ ልጅ ከሰሌዳው ጎን ቀርቶ ባሕሩን ያያል፤ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። ያልጠየቀ ሰው ከሥዕሉ ሥር «ሒፍዙን ሲከልስ» ብሎ ይጽፍ ነበር። አጎቱ ባሉበት ጠየቅነው። «ሞገድ እየቆጠርኩ ነው» አለ። ሰባተኛው ከሌሎቹ ይበልጣል ብሎ ወንድሙ ነግሮት ኖሮ፣ እውነት መሆኑን ሊያረጋግጥ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልበለጠም። ሦስተኛውን ፎቶ አናስረዝመው፤ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ የቆመች ሕፃን ስትሆን የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው።

ከታጁራ በመኪና ወደ ምሥራቅ ወደ ኦቦክ ሄድን። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1862 በስምምነት የያዟት፣ ከጅቡቲ ከተማ በፊት መቀመጫ ያደረጓት ናት። ዛሬ የምትታወቀው በሌላ ነገር ነው። ከዚያ በስተሰሜን የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብባል፤ የሀገራችን ወጣቶች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ የሚሻገሩት ከዚህ ዳርቻ ነው። ከየመን ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦችም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወዲህ መጥተው በማርካዚ ሰፍረዋል፤ ሁለት ስደት በአንድ ባሕር ላይ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ጎዶሪያ በተባለው ስፍራ አጠገብ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ ብዙ ወገኖቻችን አልቀዋል። አላህ ይዘንላቸው።

በኦቦክ ዳርቻ አንድ ልጅ ተቀምጦ አየን። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ግማሽ ውኃ ያለበት ቢጫ ጄሪካን አጠገቡ አለ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊቱን ከጎን አብርታው ነበር። በታጁራ ስድስት ቀን ሙሉ የጠበቅነው ዝምታ ይኸው ነው ቢባል ትክክል ነው፤ ከዚያ የተሻለ ፎቶ በጉዞው ሁሉ አላየንም። ካሜራው ከቦርሳው አልወጣም። ፈቃድ የሚጠየቅ አባት አጠገቡ የለም። ፊቱን ደላሎች ቢያዩትስ? ቤተሰቡ የት እንዳለ ባያውቅስ? ዝምታውስ የታጁራው ልጅ ዝምታ ነው? ያኛው ሲመሽ ቤቱ ይገባል።

እርስ በርሳችን ስንነጋገር ሰምቶ ኖሮ ዘወር አለ። «ጋሼ፣ አበሻ ናችሁ እንዴ?» አለን። ከወሎ ነው የመጣው። እናቱን ሳይሰናበት እንደወጣና አንድ ወር እንዳለፈው ነገረን። ቦርሳውን አየና «ፎቶ አንስታችሁ ለእናቴ ትልኩልኛላችሁ?» አለ። ስልክ የላትም፤ የጎረቤቷን ቁጥር ግን በቃሉ ያውቀዋል። ከጄሪካኑ ጥቂት ውኃ አፍስሶ ፊቱን ታጠበ። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። ከዚያም ባሕሩን ከኋላው አድርጎ ቆመና፣ ሁለት ጣቱን ቀስሮ ጥርሱን ገለጠልን። በስልክ አንስተን ላክንለት።

ከመግሪብ በኋላ ስልኩ ጮኸ። እናቲቱ ናቸው። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ «ጫማው የት ሄደ?» አሉን። ባዶ እግሩን መሆኑን እኛ ልብ አላልነውም ነበር። ስልኩን ይዘን ወደ ዳርቻው ተመለስን። ለረጅም ጊዜ አወሩ፤ እርሱ ብዙውን ጊዜ «እሺ እማ» ከማለት በቀር የሚናገረው አልነበረም። በመጨረሻ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በኦቦክ ያቋቋመውን የስደተኞች ማዕከል እንድናሳየው ጠየቀን። በማግስቱ ጠዋት እስከ በሩ ሸኘነው፤ ጄሪካኑንም ይዞ ገባ።

የታጁራዎቹን ፎቶዎች አዲስ አበባ አሳትመን፣ ሁለት ሁለት ቅጂ አድርገን፣ ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ለየቤቱ ልከናል። የወሎውን ልጅ ፎቶ ከስልካችን አጥፍተነዋል። እናቱ ዘንድ አለ።